ውሃን መቅዳት፦ የውሃ ሞለኪውል የኮምፒውተር ሞዴሎች ታሪክ

የዛሬው ንግግሬ ስለ ውሃ ነው፤ ሆኖም ስለሚጠጣው ሳይሆን በኮምፒውተር ውስጥ ስለሚሰላው ውሃ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳስባለሁ።

ታሪኩን ከራሴ ስህተት ልጀምር። የድኅረ ምረቃ ተማሪ ሳለሁ አንድን ፕሮቲን በውሃ ሞለኪውሎች ከብቤ እንቅስቃሴውን በኮምፒውተር እንዳሰላ ተመደብሁ። ወደ ፕሮቲኑ ከመግባቴ በፊት ፕሮግራሙን ለመፈተን ውሃውን ብቻውን አስልቼ፣ አንድ ሞለኪውል ከጎረቤቶቹ መካከል ሾልኮ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚርቅ፣ ማለትም ዲፊውዥኑን፣ ለካሁ። በቤተ ሙከራ የተለካው ዋጋ በ25 ዲግሪ ሴልሽየስ በሴኮንድ 2.3 የመቶ ሺህኛ ካሬ ሴንቲሜትር መሆኑ የታወቀ ነው። የእኔ ውጤት ከዚያ ከሁለት እጥፍ በላይ ሆኖ ወጣ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ስህተቱን ፈለግሁ፤ የመለኪያ አሃዶቹን መረመርሁ፣ የጊዜ እርምጃውን አሳጠርሁ፣ ፕሮግራሙን መስመር በመስመር አነበብሁ። ጭንቀቴን የሰማ አንድ ያገሬ ልጅ «ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ» ብሎ ሳቀብኝ። በመጨረሻ አንድ አንጋፋ ተመራማሪ ወረቀቶቼን አገላብጠው አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ «የትኛው ውሃ ነው?»

ጥያቄው አልገባኝም ነበር፤ ለእኔ ውሃ ውሃ ነበር። በአማርኛችን መቅዳት የሚለው ግስ ሁለት ሥራ አለው፤ ውሃን ከምንጭ እንቀዳለን፣ ጽሑፍንም ከጽሑፍ እንቀዳለን። እኔ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ፈጽሜአቸው ኖሯል፤ ውሃዬን የቀዳሁት ከሌላ ሰው ፋይል ነበር። በዚያ ፋይል ውስጥ ቲፕ3ፒ የሚል ስም ተጽፎ ነበር፤ ቲፕ3ፒ የተባለው ውሃ ከእውነተኛው ውሃ ከሁለት እጥፍ በላይ ፈጣን እንደ ሆነ ደግሞ የሙያው ሰዎች ከብዙ ዓመታት በፊት ጀምሮ ያውቁ ነበር። ፕሮግራሜ ትክክል ነበር። ስህተቱ የውሃው ነበር፤ ስህተቱንም የሠሩት ሰዎች አውቀው፣ መዝነው፣ ለጊዜው ይሁን ብለው ነበር የተቀበሉት። ይህ «ለጊዜው» እንዴት ዕድሜ እንደሚረዝም ነው ዛሬ ላስረዳችሁ የምሻው።

ስለ ሞለኪውሏ ጥቂት ልበል። አንድ ኦክስጅን፣ ሁለት ሃይድሮጅን፤ በመካከላቸው 104.5 ዲግሪ ማዕዘን። ኦክስጅን ኤሌክትሮኖቹን ወደ ራሱ ስለሚስብ ሃይድሮጅኖቹ አዎንታዊ፣ የኦክስጅኑ ወገን አሉታዊ ሙል ይይዛሉ፤ ስለዚህ የአንዷ ሃይድሮጅን የሌላዋን ኦክስጅን ትፈልጋለች። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ ቀላል ነገር ግን የሚወጣው ጠባይ እንግዳ ነው። ሌሎች ፈሳሾች በቀዘቀዙ ቁጥር ሲጠቡ፣ ውሃ ከ4 ዲግሪ በታች መልሶ ይሰፋል፤ በረዶውም በራሱ ፈሳሽ ላይ ይንሳፈፋል። ቪልሄልም ሮንትገን በስሙ የሚጠራውን ጨረር ከማግኘቱ ከሦስት ዓመት በፊት፣ በ1892፣ ይህን ለማስረዳት ፈሳሹ ውሃ ሁለት ዓይነት ሞለኪውሎች የተቀላቀሉበት ነው፣ ከሁለቱም አንደኛው በረዶ መሰል ነው የሚል ሐሳብ አቅርቦ ነበር። ይህን ሐሳብ አትርሱት፤ ሞተ በተባለበት ጊዜ ተመልሶ ይመጣል።

የመጀመሪያው በቁጥር የተሠራ የውሃ ሞዴል ታሪክ ከጉም ይጀምራል። በ1932 ሁለት የካምብሪጅ ሳይንቲስቶች፣ የክሪስታል ተመራማሪው ጆን ዴዝመንድ በርናል እና የንድፈ ሐሳብ ፊዚክስ ሊቁ ራልፍ ፋውለር፣ ሞስኮ አውሮፕላን ማረፊያ ሳሉ ጉም ወርዶ መንገዳቸውን ዘጋው። ሲጠብቁ ስለ ጉሙ ተጨዋወቱ፤ ከጉም ወደ ጠብታ፣ ከጠብታ ወደ ሞለኪውል ወረዱ። በማግስቱ ዓመት በአዲሱ የኬሚካል ፊዚክስ ጆርናል የመጀመሪያ ቅጽ ላይ ጽሑፋቸው ወጣ።

የጽሑፉ ክርክር አሁንም ሲነበብ ደስ ያሰኛል። ሞለኪውሎቹ እንደ ብርቱካን ክምር ተጠጋግተው ቢቀመጡ ኖሮ የውሃ እፍግታ በኪዩቢክ ሴንቲሜትር ከ1.8 ግራም በላይ ይሆን ነበር፤ ነገር ግን 1 ነው። ስለዚህ በመካከል ብዙ ባዶ ቦታ አለ። ባዶውን ቦታ የሚጠብቀው ደግሞ እያንዳንዷ ሞለኪውል አራት ጎረቤቶች ብቻ፣ እነርሱንም በአራት ማዕዘናት አቅጣጫ፣ መያዟ ነው። በርናል ከክሪስታል ዕውቀቱ ተነሥቶ ውሃን ከኳርትዝ ማዕድን አቀማመጥ ጋር አመሳስሎት ነበር፤ ይህ ክፍል ዕድሜ አላገኘም። ዕድሜ ያገኘው ሌላው ነው። ሁለቱ ሰዎች ለሞለኪውሏ ሦስት የሙል ነጥቦች ሰጧት፤ በእያንዳንዱ ሃይድሮጅን ላይ አንድ አንድ አዎንታዊ፣ ከዚያም አንድ አሉታዊ። አሉታዊውን በኦክስጅኑ መካከል አላስቀመጡትም። ማዕዘኑን እኩል በሚከፍለው መስመር ላይ ወደ ሃይድሮጅኖቹ 0.015 ናኖሜትር ፈቀቅ አደረጉት። ስሌቱ ሁሉ በእጅ የተሠራ ነበር። ይህችን 0.015 ያዙልኝ።

በርናል ከጦርነቱ በኋላም ፈሳሾችን አልተዋቸውም። በለንደን በርክቤክ ኮሌጅ ሳለ የፈሳሽን አወቃቀር ለመረዳት ኳሶችን በተለያየ ርዝመት ባላቸው ዘንጎች እያያያዘ ሞዴል ገነባ። አቀማመጡ በእውነት ሥርዓት የለሽ እንዲሆን በቢሮው ውስጥ፣ በየአምስት ደቂቃው ሰው እያቋረጠው፣ ቀድሞ ምን እንዳደረገ እየረሳ እንደ ሠራው ራሱ ተናግሯል። ቢሮአቸው ሰው የማያጣ የፋካልቲያችን ባልደረቦች ይህን ሲሰሙ መጽናኛ ያገኙ ይመስለኛል።

ኳሱን በቁጥር የተካው ኮምፒውተሩ ነው። በ1953 በሎስ አላሞስ ሜትሮፖሊስ፣ ሁለቱ ሮዘንብሉዞችና ሁለቱ ቴለሮች ሞለኪውሎችን በዕጣ እያንቀሳቀሱ፣ እንቅስቃሴውን በጉልበቱ ለውጥ መሠረት እየተቀበሉ ወይም እየጣሉ የሚያሰሉበትን የሞንቴ ካርሎ ዘዴ አሳተሙ። በ1957 አልደርና ዌይንራይት የጠንካራ ኳሶችን ግጭት በጊዜ ተከታትለው አሰሉ። በ1964 አኒሱር ራህማን በአሜሪካ አርጎን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የ864 አርጎን አቶሞችን እንቅስቃሴ በኒውተን ሕግ ብቻ ተከተለ። ዘዴው ለማናችሁም ግልጽ ነው፤ በእያንዳንዱ አቶም ላይ ያለውን ኃይል አስላ፣ ከኃይሉ ሽምጠጣውን አግኝ፣ ለእጅግ አጭር ጊዜ አንቀሳቅሰው፣ እንደገና አስላ። አርጎን ግን ክብ ነው፤ ጠባዩም ቀላል ነው። ውሃ ማዕዘን አለው።

ራህማን የህንዷ ሃይደራባድ ልጅ ነው፤ በካምብሪጅና በቤልጅየም ሉቫን ተምሯል። ዛሬ የአሜሪካ ፊዚክስ ማኅበር የስሌት ፊዚክስ ሽልማት በስሙ ይጠራል። ከቤል ቤተ ሙከራው ፍራንክ ስቲሊንጀር ጋር ተባብሮ በ1971 ያሳተመው ጽሑፍ የፈሳሽ ውሃ የመጀመሪያው የሞለኪውላር ዳይናሚክስ ስሌት ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድመው ባርከርና ዋትስ 64 ሞለኪውሎችን በሞንቴ ካርሎ አስልተው ነበር፤ ጊዜን ግን በዚያ ዘዴ መከተል አይቻልም።

ራህማንና ስቲሊንጀር የወሰዱት 216 ሞለኪውሎችን ነው፤ ስድስት በስድስት በስድስት። ጎኗ 1.86 ናኖሜትር በሆነች ሣጥን ውስጥ አስቀመጧቸው፤ በቀኝ ግድግዳ የወጣች ሞለኪውል በግራው ትገባለች። እያንዳንዷን ሞለኪውል አራት የሙል ነጥቦች ሰጧት፤ ሁለት አዎንታዊ፣ ሁለት አሉታዊ፣ እንደ አራት ክንድ የተዘረጉ። የጊዜ እርምጃቸው ከግማሽ ፌምቶሴኮንድ ያነሰ ነበር፤ ፌምቶሴኮንድ ማለት ሴኮንድ ለሚሊዮን ቢሊዮን ሲከፈል የሚገኘው ነው። አሁን እናንተ ቁጭ ብላችሁ አስሉት፤ 216 ሞለኪውሎች 23,220 ጥንዶች አሏቸው፤ በእያንዳንዱ ጥንድ 16 የሙል ርቀቶችና አንድ የኦክስጅን ርቀት አለ። ሁሉም ጥንድ ቢቆጠር ለአንዲት እርምጃ አራት መቶ ሺህ የሚጠጋ ርቀት ማለት ነው። የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ደግሞ ክፍል ሙሉ የሚይዝ፣ ሰዓቱም በወረፋ የሚታደል ዕቃ ነበር።

ያዩት ነገር የአርባ ዓመት ክርክርን አንቀሳቀሰ። በሣጥኗ ውስጥ የበረዶ ቁርጥራጭ አልነበረም፤ ሁለት ዓይነት ሞለኪውልም አልተለየም። የነበረው የተወጣጠረ፣ የተጣመመ፣ እዚህም እዚያም የተበጠሰ አንድ መረብ ነው። የሮንትገን ሐሳብ በዚህ የተቀበረ መሰለ። በ1974 ሞዴላቸውን አሻሽለው ኤስ ቲ 2 አሉት፤ እርሱም ከእውነተኛው ውሃ ይልቅ መረቡን አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ከፍተኛው እፍግታው በ4 ዲግሪ ፈንታ በ27 ዲግሪ አካባቢ ይውላል። ይህን ጉድለት ራሳቸው ጻፉት እንጂ አልደበቁትም።

እዚህ ላይ ወደ ፓሪስ አቅራቢያ፣ ወደ ኦርሴ፣ ልውሰዳችሁ። በ1969 ካርል ሞዘር የመሠረተው ሴካም የተባለ የአውሮፓ የስሌት ማዕከል ተመራማሪዎችን ለብዙ ሳምንታት በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ኮምፒውተር ዙሪያ ያሰባስብ ነበር። በ1972 የሆላንዱ ግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲ ሰው ኸርማን በረንድሰን በዚያ ስለ ውሃ ስሌት ጉባኤ አዘጋጀ። የበረንድሰን ጭንቀት ግን ውሃ ብቻ አልነበረም፤ ፕሮቲን ነበር። በ1977 ማካመን፣ ጌሊንና ካርፕለስ ያሳተሙት የመጀመሪያው የፕሮቲን ስሌት ፕሮቲኑን በባዶ ውስጥ አንጠልጥሎ የሠራ ነበር፤ ሕይወት ያለበት ፕሮቲን ግን በውሃ የተከበበ ነው። አንዱን ትንሽ ፕሮቲን ለመክበብ በሺህ የሚቆጠር ሞለኪውል ያስፈልጋል። ስለዚህ ጥያቄው ተለወጠ። ከእንግዲህ የሚጠየቀው «ውሃ ምን ይመስላል?» መሆኑ ቀርቶ፣ «ርካሽ ሆኖ ውሃ ሊባል የሚችለው ምንድን ነው?» ሆነ።

የበረንድሰን ቡድን መልስ በ1981 በኢየሩሳሌም በተካሄደ ሲምፖዚየም የቀረበው ኤስ ፒ ሲ ነው። ሦስት ነጥብ፣ ሦስት ሙል፤ በኦክስጅን ላይ 0.82 አሉታዊ፣ በእያንዳንዱ ሃይድሮጅን ላይ 0.41 አዎንታዊ። የትስስሩ ርዝመት ለአያያዝ እንዲመች 0.1 ናኖሜትር ተደረገ፤ ማዕዘኑም እውነተኛው 104.5 ቀርቶ የአራት ማዕዘናቱ 109.47 ሆነ። ይህ ድፍረት ነው። የሞለኪውሏን መልክ የሚያውቅ ሰው ሆን ብሎ መልኳን አዛባ፤ ፈሳሹ እውነተኛውን እንዲመስል ሲል።

በአሜሪካ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ዊልያም ጆርገንሰን በተመሳሳይ መንገድ ላይ ነበር። በ1983 ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ስድስት ሞዴሎችን ጎን ለጎን አወዳድሮ ያሳተመው ጽሑፍ በዘርፉ እጅግ ከተጠቀሱት አንዱ ነው። ከስድስቱ መካከል አንዱ የማን ይመስላችኋል? የበርናልና የፋውለር። በጉም ቀን ተፀንሶ በእጅ የተሰላው ሞዴል ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከኮምፒውተር ዘመን ልጆች ጋር ተሰልፎ ተፈተነ። አላፈረም። ይልቁንም ቲፕ4ፒ የተባለው የጆርገንሰን አዲስ ሞዴል አሉታዊውን ሙል ከኦክስጅኑ ወደ ሃይድሮጅኖቹ ፈቀቅ አደረገው፤ ርቀቱም 0.015 ናኖሜትር። የሃይድሮጅኑ ሙል ከ0.49 ወደ 0.52 ከፍ አለ። ጽሑፉ የወጣውም በርናልና ፋውለር በጻፉበት በዚያው ጆርናል ነው።

በዚያው ጽሑፍ የእኔ ጠላት ቲፕ3ፒም ነበረ። እርሱ አሉታዊውን ሙል በኦክስጅኑ ላይ ያስቀምጣል፤ ስለዚህ በአንድ ጥንድ ሞለኪውል 9 ርቀት ብቻ ያሰላል፤ ቲፕ4ፒ 10 ያሰላል። ልዩነቱ አንድ ርቀት ነው። የቲፕ4ፒ አወቃቀር ይበልጥ ወደ እውነቱ የቀረበ መሆኑን ጸሐፊዎቹ ራሳቸው አሳይተዋል። ታዲያ ቲፕ3ፒ ለምን አሸነፈ? አራተኛው ነጥብ ክብደት የሌለው፣ በአቶም ላይ ያልተቀመጠ ነጥብ ነው፤ የፕሮቲን ፕሮግራሞቹ ደግሞ አቶምን እንጂ እንዲህ ያለውን ነጥብ የሚያውቁ አልነበሩም። ሦስት አቶም፣ ሦስት ነጥብ፤ ያለ ብዙ ድካም ይገባል። ስለዚህ አምበርና ቻርም የተባሉት ሁለቱ ታላላቅ የፕሮቲን ስሌት ቤተሰቦች ቲፕ3ፒን ይዘው አደጉ። ከዚያም የባሰው መጣ፤ የፕሮቲኑ ቁጥሮች በዚህ ውሃ ውስጥ ተስተካከሉ። አንድ ጊዜ ፕሮቲኑ ለውሃው ከተሰፋ በኋላ ውሃውን ብቻ ነጥሎ በተሻለ መተካት የሁለቱን ሚዛን ያፈርሳል። የአንድ ርቀት ቁጠባ ዛሬ ስልካችሁ እንኳ የማይሰማው ሸክም ነው፤ ውሳኔው ግን ቆሟል።

አሁን ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ወደምወደው የታሪኩ ክፍል እንግባ። ብቻዋን በተን ውስጥ ያለች የውሃ ሞለኪውል ዳይፖሏ 1.85 ዲባይ ነው። በፈሳሽ ውስጥ ግን ጎረቤቶቿ ኤሌክትሮኖቿን ስለሚገፉና ስለሚስቡ ዳይፖሏ ያድጋል። የእነ ኤስ ፒ ሲ ሙሎች ቋሚ ናቸው፤ ማደግም መቀነስም አይችሉም። ስለዚህ ሠሪዎቹ ከመነሻው አሳበጧቸው፤ የኤስ ፒ ሲ ዳይፖል 2.27 ነው። ከአይ ቢ ኤሙ ኤንሪኮ ክሌሜንቲ ጋር ማትሱኦካና ዮሺሚኔ በ1976 የተለየ መንገድ ሞክረው ነበር፤ የሁለት ሞለኪውሎችን መሳሳብ ከኳንተም ሜካኒክስ በንጽሕና አስልተው ያንኑ ለፈሳሹ ሰጡት። ውጤቱ ግን በመደበኛው እፍግታ በሺህ የሚቆጠር አትሞስፌር ግፊት አሳየ። ሁለቱን ሞለኪውሎች በትክክል ማወቅ ሦስተኛዋ ስትመጣ የሚሆነውን አይነግርም። ንጹሑ ሞዴል ወደቀ፤ የተዛባው ቆመ።

በ1987 በረንድሰን፣ ግሪጌራና ስትራትስማ «በውጤታማ ጥንድ ጉልበቶች ውስጥ የጎደለው ክፍል» የሚል መንፈስ ያለው ርዕስ ይዘው መጡ። ነገሩ ይህ ነው። ሞለኪውሏ ዳይፖሏን ስታሳድግ ጎረቤቶቿን አጥብቃ በመሳብ ጉልበት ታተርፋለች፤ ነገር ግን ኤሌክትሮኖቿን ከተፈጥሯቸው አጣምማ ለማቆየት ደግሞ ጉልበት ትከፍላለች። እስከዚያ ድረስ ሞዴል ሠሪዎች ትርፉን ቆጥረው ወጪውን ትተው ነበር፤ የሸጠበትን ጽፎ የገዛበትን እንደ ረሳ ነጋዴ። ወጪው በሞል 5.22 ኪሎጁል ወጣ። የውሃን የመትነን ሙቀት ስናስብ፣ እርሱም በሞል 44 ኪሎጁል ገደማ ነው፣ ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም። ይህ ሲካተት ሙሉን ከ0.41 ወደ 0.4238 ከፍ ማድረግ ተቻለ። ከ4 በመቶ ያነሰ ለውጥ ነው። ሞለኪውሎቹ ትንሽ ተጨማሪ ተያያዙ፤ ዲፊውዥኑም ወደ 2.5 ወረደ፤ በቤተ ሙከራ የሚለካው 2.3 ነው ብያችኋለሁ። ኮምፒውተሩ በአንድ ርቀት እንኳ አልተጫነም። ይህ ማሻሻያ የመጣው ከጠነከረ ማሽን አይደለም፤ የሒሳብ መዝገብን በጥንቃቄ ከማንበብ ነው።

በጠነከረ ማሽን የመጣውን በአጭሩ ልለፈው። በ1993 ላሶነን፣ ስፕሪክ፣ ፓሪኔሎና ካር የ32 ሞለኪውሎችን ኤሌክትሮኖች ጭምር በየእርምጃው በኳንተም ዘዴ እያሰሉ ፈሳሽ ውሃን ሠሩ። ከ2013 ጀምሮ በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ የፍራንቼስኮ ፓኤሳኒ ቡድን የጥንዶችንም የሦስትዮሾችንም መሳሳብ ከከፍተኛ የኳንተም ስሌት የሚያገኘውን ኤም ቢ-ፖልን አወጣ፤ የክሌሜንቲ መንገድ ሦስተኛዋን ሞለኪውል ይዞ ተመለሰ ማለት ነው። በእነ በህለር የተጀመረው የነርቭ መረብ ሞዴልም በ2016 የውሃን እንግዳ ጠባይ ከኳንተም ስሌት ተምሮ ማሳየት ቻለ። እነዚህ ሁሉ ታላቅ ሥራዎች ናቸው። የፕሮቲን ስሌት ግን ዛሬም በብዛት በሦስት ነጥብ ውሃ ይሠራል።

ወደ በረዶ ልመለስ። ሞዴሎቹ ሲሠሩ አብዛኞቹ የተስተካከሉት በ25 ዲግሪና በመደበኛ ግፊት ነው። በማድሪድ ካርሎስ ቬጋና ሆሴ ሉዊስ አባስካል በ2005 ገደማ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ይዘው ተነሡ፤ የእነዚህ ውሃዎች በረዶ በስንት ዲግሪ ይቀልጣል? መልሱ አስደንጋጭ ነበር። ቲፕ4ፒ ከዜሮ በታች በ41 ዲግሪ፣ ኤስ ፒ ሲ/ኢ ከዜሮ በታች በ58 ዲግሪ። ቲፕ3ፒስ? ከዜሮ በታች በ127 ዲግሪ። የስንቱን ፕሮቲን ምሥጢር የመረመርንበት ውሃ በረዶውን ከሥራ ላዋለው ቢሰጡት ገና ከአንታርክቲካ ብርድ በታች ይቀልጥ ነበር። ሁለቱ ሰዎች ሲመረምሩ ጥፋቱን ያገኙት በአሉታዊው ሙል ቦታ ነው፤ ሙሉን ከኦክስጅኑ ፈቀቅ ያደረጉት ሞዴሎች የተለያዩ የበረዶ ዓይነቶችን ቅደም ተከተል በትክክል ይሰጣሉ፣ ሌሎቹ ይስታሉ። የበርናልና የፋውለርን ንድፍ ይዘው ቁጥሮቹን እንደገና አስተካከሉ፤ ርቀቱ 0.01546 ሆነ፣ ሞዴሉም ቲፕ4ፒ/2005 ተባለ። ከፍተኛ እፍግታው በ4 ዲግሪ አካባቢ ነው። እርሱም ቢሆን እንከን አለበት፤ በረዶው ከዜሮ በታች በ21 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ዳይኤሌክትሪክ ቋሚውም 78 መሆን ሲገባው 60 ገደማ ነው። ሠሪዎቹ የትኛውን እንከን እንደ መረጡ በግልጽ ጽፈዋል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ጠብ ያለበት ነው። በክረምት በደጋችን ላይ በረዶ የሚያወርዱት ደመናዎች ውስጥ ከዜሮ በታች ቀዝቅዘው ሳሉ ያልረጉ የውሃ ጠብታዎች አሉ። እንዲህ ያለውን ውሃ አብዝተን ብናቀዘቅዘው ምን ይሆናል? በ1992 ፑል፣ ሺዮርቲኖ፣ ኤስማንና ስታንሊ የስቲሊንጀርንና የራህማንን ኤስ ቲ 2 ይዘው ሲያሰሉ፣ ውሃው ለሁለት ፈሳሾች ሊከፈል እንደሚችል አገኙ፤ አንዱ እፍግታው የበዛ፣ ሌላው ያነሰና በረዶ መሰል። የ1971ዱ ስሌት ቀበረው የተባለው የሮንትገን ሐሳብ፣ መልኩን ለውጦ፣ ከዚያው ቤት ልጅ ከኤስ ቲ 2 ወጣ።

በ2011 የበርክሌዎቹ ሊመርና ቻንድለር ሁለተኛ የተባለው ፈሳሽ ፈሳሽ አይደለም፣ መርጋት የጀመረ በረዶ ነው ብለው ተቃወሙ። የፕሪንስተኑ የደቤኔደቲ ቡድን በ2014 ሁለቱም ፈሳሾች ናቸው ብሎ መለሰ። ሞዴሉ አንድ ነው፤ ሕጉ የኒውተንና የቦልትዝማን ነው፤ መልሱ ግን ሁለት ሆነ። ለዓመታት የተጻጻፉት በውጤት እንጂ በፕሮግራም አልነበረም። የበርክሌው ፕሮግራም በመጨረሻ ተገኝቶ በፕሪንስተን ሲመረመር፣ በየዙሩ ለሞለኪውሎቹ አዲስ ፍጥነት የሚታደልበት ክፍል አቋራጭ መንገድ ተጠቅሞ ተገኘ፤ በአቋራጩም ምክንያት ፍጥነቶቹ በዚያ መጠነ ሙቀት ሊኖራቸው የሚገባውን ስርጭት አልነበራቸውም። ያ ሲታረም ሁለቱ ፈሳሾች ታዩ። ይህ በ2018 ታተመ፤ ቻንድለር ከዚያ አንድ ዓመት ቀድሞ አርፏል። በ2020 ደቤኔደቲ፣ ሺዮርቲኖና ዘርዜ ይህንኑ በቲፕ4ፒ/2005 እና በወንድሙ ቲፕ4ፒ/አይስ አሳዩ።

እኔ ይህን ታሪክ ሳነብ ሦስት ሳምንት የባከኑብኝ ትዝ ይለኛል። የእኔ ጥፋት ፕሮግራሙን መርምሬ ውሃውን አለመመርመሬ ነበር፤ እነዚያ ደግሞ ስለ ውሃው ሰባት ዓመት ተከራክረው ጥፋቱ ከፕሮግራሙ ተገኘ። የቻንድለርን ስም በዚህ ምክንያት ዝቅ አድርጎ የሚያይ ተማሪ ካለ ይሳሳታል፤ የፈሳሾችን ንድፈ ሐሳብ ካቆሙት ታላላቆች አንዱ ነው፣ መጽሐፉንም በሚቀጥለው ሴሚስተር ታነቡታላችሁ። ቅሬታዬ የፕሮግራሙ ጽሑፍ ከውጤቱ ጋር አብሮ ባለመታተሙ ላይ ነው። በርናልና ፋውለር ስሌታቸውን በእጅ ስለ ሠሩት ማንም በእጁ ሊደግመው ይችል ነበር።

ለሦስተኛ ዓመት የስሌት ፊዚክስ ተማሪዎች በፋካልቲው የኮምፒውተር ክፍል ሦስት ፋይሎች አስቀምጬላችኋለሁ፤ በእያንዳንዱ 216 ሞለኪውሎች አሉ፣ ጎኑ 1.86 ናኖሜትር የሆነ ሣጥን። አንዱ ቲፕ3ፒ፣ አንዱ ኤስ ፒ ሲ/ኢ፣ አንዱ ቲፕ4ፒ/2005 ነው፤ የትኛው የትኛው እንደ ሆነ በፋይሉ ስም ላይ አልጻፍሁም። ዲፊውዥናቸውን ለክታችሁ ስማቸውን እናንተ ታመጡልኛላችሁ። መብራት ቢጠፋ ስሌቱ ካቆመበት እንዲቀጥል በየጊዜው ማስቀመጥን አትርሱ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።